ጠፍርና በረኪና

ሽታው የጀመረው ማክሰኞ ዕለት ነው። ውዳሴ ከገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ ይዛ ተመልሳ፣ ለቡ መብራት ኃይል ያለውን የግቢዋን በር ስትከፍት አፍንጫዋን መታት። መጀመሪያ ያሰበችው ድመት ሞታ እንደሆነ ነው። ቀጥሎ የመጸዳጃው ጉድጓድ ሞልቶ ፈሰሰ ብላ አሰበች። ሦስተኛውን ሐሳብ ማሰብ ስላልፈለገች «አያንቱ» ብላ ተጣራች። ልጇ ከውስጥ «አቤት እማ» ስትላት ነው ትንፋሿ የተመለሰው።

ከቧንቧው ሥር የራሷ ሰማያዊ ሳፋ ተቀምጧል። አንሶላ የምታጥብበት ሳፋ ነው። ውስጡ እንደ ጠባብ ቀበቶ የተተለተለ የበሬ ቆዳ፣ ጠጉሩ እንኳ በቅጡ ሳይነሳለት፣ ቡናማ ውሃ ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ውሃው ላይ ስቡ ዓይን ዓይን ሠርቷል። ከሳፋው አጠገብ አማቷ አባባ በንቲ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ነክረው ያገላብጡታል።

«ደህና ዋልሽ ልጄ» አሏት ቀና ሳይሉ። «የእንቁጣጣሽ ቅርጫ ቆዳ ነው። ሌሎቹ ሊሸጡት ሲሉ እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ለጀልባዋ ማሰሪያ ይሆናል።»

«በእኔ ሳፋ ነው አባባ?»

«ታጥቦ ይመለሳል።»

ውዳሴ የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ሳፋው ታጥቦ እንደማይመለስ ታውቃለች። ቢመለስም እሷ ዳግመኛ አትነካውም። ሐሙስ ዕለት በማዳበሪያ ጠቅልላ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሰጠችው።

የጀልባዋ ነገር ከአራት ወር በፊት የመጣ ነው። ባሏ ኮርሳ መካኒሳ አቦ በቆርቆሮ በታጠረች ሱቅ ውስጥ ከፋይበር ግላስ የውሃ ታንከርና የመኪና ፓራውልት ይሠራል። አንድ ቀን ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰውዬ መጥቶ በስልኩ ፎቶ አሳየው። ጠባብ፣ ረጅም ጀልባ ናት። ከጎኗ በሁለት ክንድ የተያያዘች ትንሽ ተንሳፋፊ አላት። ያቺ ተንሳፋፊ ጀልባዋን እንዳትገለበጥ ትደግፋታለች፤ ስለዚህ ዋና የማይችል እንግዳም ሳይፈራ ይቀመጥባታል። ሰውዬው «ትችላለህ?» አለው። ኮርሳ ደግሞ በሕይወቱ አልችልም ብሎ አያውቅም።

አራት ወር ሙሉ ታንከሩን ትቶ እሷን ሲያለብስ፣ ሲሞርድና ሲቀባ ከረመ። ማታ ሲተኛ ደረቱ እንደ አሮጌ በር ይንጫጫል። ውዳሴ ጨለማ ውስጥ አፍጥጣ ትሰማዋለች፤ ሳንባው ውስጥ ያ የመስታወት ብናኝ እንደ ጨው ተነስንሶ ይታያታል። ጀልባዋ ቅዳሜ ሐይቁ ላይ በእንግዶች ፊት ትሞከራለች፤ ከሆነች ሰውዬው ሌላ አምስት ያዛል፤ ከዚያ ኮርሳ ሁለት ሠራተኛ ይቀጥርና ራሱ ከብናኙ ይወጣል። መንገድ ላይ ከተሰበረች ግን አራት ወሩም፣ ከብናኙ መውጣቱም የለም። ውዳሴ እንደምትሰበር እርግጠኛ ነበረች። እንዴት እንደምትሰበር ብቻ ነው ያልወሰነችው።

ረቡዕ ጠዋት ኮርሳና አባቱ ጀልባዋን በአሮጌዋ ዲኤክስ መኪናቸው ጣሪያ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ደፍተው ጫኗት። አምስት ሜትር ናት፤ ከፊት ከመኪናዋ ኮፈን በላይ ተዘርግታ፣ ከኋላም ተርፋ ወጣች። ሁለቱን ክንዶች ፈትተው ተንሳፋፊዋን ለብቻ ከጎኗ አጋደሟት። አባባ በንቲ ገና ሲያዩዋት «ጥጃዋ» ብለው ስም ስላወጡላት ቤቱ ሁሉ ጥጃዋ ይላታል። ኮርሳ የታክሲ ረዳቶች ጆንያ በሚያስሩበት በተቀደደ የጎማ ከመነዳሪ ሊያስራት ሲነሳ ሽማግሌው እጁን ያዙት።

«ያ ኮርሳ፣ ከመነዳሪ ለከሰል ነው። ይለጠጣል፣ ይመለሳል። ናይለን ለልብስ ማስጫ ነው፣ ይንሸራተታል። እኔ ሃምሳ ዓመት ሞፈርና ቀንበር ያሰርኩት በጠፍር ነው። እርጥቡን ታስረዋለህ፣ ፀሐይ ታሳየዋለህ፣ ሲደርቅ ብረት ነው።»

እርጥቡን ጠፍር በጀልባዋ ላይ እያዞሩ፣ በፖርቶመጋላው ብረት ሥር እያሳለፉ፣ አራት ቦታ ጠፈሯት። ሲጎትቱት ከቆዳው ቢጫ ውሃ እየተጨመቀ በመስኮቱ መስታወት ላይ ይወርዳል። ውዳሴ በጓዳው መስኮት ታያለች። ያ ውሃ የወረደበት መስኮት ልጇ የምትደገፍበት ነው።

«እንግዲህ እስክንደርስ ውሃ አይንካው» አሉ አባባ በንቲ እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ። «ውሃ ከነካው ያው እንደገና ሥጋ ነው።»

ውዳሴ ሰምታለች። ግን ሽማግሌው ስለ ቆዳ፣ ስለ እበትና ስለ ኮርማ የሚሉትን ሁሉ እንደምታሳልፈው ይሄንንም አሳለፈችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከባሏ ዘመዶች ቤት ስትመለስ በር ላይ ጫማዋን አውልቃ ነው የምትገባው። ማንንም አልሰደበችም። ማንም ግን ሳይገባው አልቀረም።

ሦስት ቀን ጀልባዋ በግቢው መሐል በጥቅምት ፀሐይ ተጠበሰች። ጠፍሩ እየደረቀ ሲሄድ ጠነከረ፤ ሽታውም አብሮት ጠነከረ። የሰፈሩ ውሾች በበሩ ሥር እየሾለኩ ገብተው መኪናዋን ይዞሯታል። አንዱማ የፊት እግሮቹን በሩ ላይ ሰቅሎ የጠፍሩን ጫፍ ሲልስ በመጥረጊያ አባረረችው። ዝንቡ ከመኪናው ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ መኪናው ይመላለሳል። ሹሮ ስታማስል አንዱ የድስቱ ጠርዝ ላይ አርፎ እግሩን ሲያሻሽ አየች፤ የት ቆሞ እንደመጣ ስታስብ ሹሮውን ከነድስቱ ደፋችው።

ጎረቤቷ ሐሚዳ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «ውዳሴ፣ ቄራ ከፈታችሁ እንዴ? ለእኛም ምላስ አስቀሩልን እንጂ።»

«ተይኝ እስቲ ሐሚዳ።»

«አይ፣ እኔስ ሌላ ነገር ነው የፈራሁት። ትናንት ልጄ ከፎቅ ላይ ያቺን የተደፋች ነገር አይታ ‹እነ አያንቱ ቤት ሬሳ ሳጥን መኪና ላይ አለ› አለችኝ። ሽታውን ስጨምርበት ነጠላ ልዘቀዝቅ ምንም አልቀረኝ።»

ሐሚዳ ስቃ ገባች። ውዳሴ አልሳቀችም። ሬሳ ሳጥን የሚለው ቃል ግቢዋ ውስጥ መነገሩን እንደ መጥፎ ምልክት ቆጠረችው።

ዓርብ ማታ ኮርሳ እራቱን ሲበላ ነገረችው። «ይሄን ሽታ ይዘን ነው ሰው ፊት የምንቆመው? እንግዶች አሉ አይደል?»

«ምን ይሸታል?» አላት።

እውነቱን ነው። አሥራ አምስት ዓመት የኬሚካል ጢስ አፍንጫውን ወስዶበታል። የበሰበሰ እንቁላል ቢሰጡት ጨው ጨምሩበት የሚል ሰው ነው። ጠፍሩን ሲፈትሽ በዋለበት እጁ እንጀራ ሲቆርስ አየችው። እሷ እጇን ከሰበሰበች ቆይታለች።

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ኮርሳ የክንዶቹን ብሎን ሱቁ ረስቶት ስለነበር በታክሲ ወደ መካኒሳ አቦ ሄደ። አያንቱ ተኝታለች። ውዳሴ ትልቁን ድስት ውሃ አፈላች፤ አንድ ሙሉ ጠርሙስ በረኪና ገለበጠችበት፤ የወለሉን ብሩሽ ይዛ ወጣች።

በርጩማ ላይ ቆማ ጠፍሩን አንድ በአንድ ፈተገችው። መጀመሪያ ብሩሹ በእንጨት ላይ እንደሚሄድ ይንኳኳ ነበር። የፈላው ውሃ ሲደጋገምበት ጠጉሩ በጅምላ እየተላጠ ብሩሹ ላይ ተጠመጠመ፤ ከሥሩ ነጭ የሚያዳልጥ ነገር ወጣ፤ ቆዳው እንደታጠበ ጨጓራ ለሰለሰ። ሁለት ጊዜ ወርዳ አስመለሳት። ሁለት ጊዜ አፏን ተጉመጥምጣ ተመለሰች። ስትጨርስ አሮጌ ጨርቅ በበረኪናው እየነከረች እያንዳንዱ ቋጠሮ ላይ ጠቀለለች፤ እስኪገባበት አንድ ሰዓት ያህል ተወችው፤ ከዚያ ጨርቁን ሰብስባ ጣለች። ግቢው በረኪና፣ በረኪና ብቻ ሸተተ። ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷን ሞልታ ተነፈሰች።

አያንቱ ጥርሷን እየቦረሸች ወጣች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከአባቷ እሺ ባይነትን፣ ከእናቷ አፍንጫን ወርሳለች። «በረኪና ይሸታል እማ።»

«ግቢውን አጥቤ ነው» አለች ውዳሴ። ለምን እንደዋሸች አላወቀችም። የኩራት ነገር ይሆናል። ወይ ደግሞ ጠፍሩን በጣቷ ስትነካው ጣቷ ትንሽ ስለገባ ይሆናል።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ተነሡ። ኮርሳ ጀልባዋን ሽቅብ አይቶ፣ የአያንቱን ቀይ ቲሸርት ከኋላ በተረፈው ጫፍ ላይ ለምልክት አስሮ፣ አንዴ መታ መታ አድርጓት ገባ። እንዳይነካካው ያዘዙት አባቱ ናቸው፤ እሱም አልነካካውም። ሽማግሌውን ሀና ማርያም ካለው ቤታቸው በመንገዳቸው ሊወስዷቸው ነው። ውዳሴ አያንቱን ከፊት አስነስታ ከጎኗ ከኋላ አስቀመጠቻት፤ ፊት የተቀመጠ ሰው ቀድሞ ይሞታል። ጭኗ ላይ ቦርሳዋ አለ፤ ውስጡ ውሃ፣ ፋሻ፣ አልኮል፣ የሦስቱም መታወቂያ ቅጂና ከግቢ ፈትታ ያመጣችው የልብስ ማስጫ ናይለን ገመድ።

«ገመዱ ለምንድን ነው?» አለች አያንቱ።

«አይታወቅም።»

«እማ እኮ ሽርሽር ስትሄድም ከፈን ትይዛለች።»

«ዝም በይ።»

ኮርሳ ሳቀ። የአስፋልቱን የመጀመሪያ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲሻገሩ ከላይ እንደ እርጥብ ጫማ ጭብጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። ውዳሴ ቀና አለች። የጀልባዋ አፍንጫ በፊት መስታወቱ አናት በኩል ይታያል። ሲነሡ ጫፏ መስታወቱ ጥግ ከተለጠፈው ቦሎ በላይ ነበር። ይሄን ልብ ያለችው ክፉ ነገር ከየት እንደሚመጣ አስቀድማ መለካት ልማዷ ስለሆነ ነው።

አንድ ሚኒባስ ፊታቸው ገብቶ ቆመ። ኮርሳ ፍሬን ያዘ። ከላይ ጭብጥ አለ። የጀልባዋ ጫፍ ቦሎው ጋ ደረሰ።

«ኮርሳ፣ ጀልባዋ እየሄደች ነው።»

«እየሄድን አይደል እንዴ።»

«ወደ ፊት እየመጣች ነው።»

«እማ ጀመረች» አለች አያንቱ።

ውዳሴ እስከ ዛሬ ምን ያላለችው አለ። ሐዋሳ ሲሄዱ ጎማው ሊፈነዳ ነው ብላ አራት ጊዜ አስቁማለች። ጋዙ ሊፈነዳ ነው ብላ ሐሚዳን ከነልጆቿ ከቤት አስወጥታለች። አያንቱ ስምንተኛ ክፍል ስትፈተን ጣሪያው ይደረመሳል ብላ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ውላለች። አሁን ቁም ብትለው ኮርሳ አይቆምም፤ ለምን ሲላት የሚያስቆመው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ከተናገረች ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላለችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገሯ ነው። በቤተሰቡ ሁሉ ፊት እድሜ ልክ የሚነገርባት ይሆናል። ሠርግ ላይ ይነሳል። ለቅሶ ላይ ይነሳል።

ወደ ሀና ማርያም የሚወርደው ቁልቁለት ጋ ደረሱ። ከፊታቸው አንድ ባጃጅ ገባ። ከኋላ ሦስት የማጠናከሪያ ተማሪዎች ዩኒፎርም ለብሰው ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ በኋላ መስኮቷ በላስቲኩ በኩል ጀልባዋን አይተው እጃቸውን ያውለበልባሉ። አንዷ ትንሿ አፍንጫዋን ላስቲኩ ላይ ለጥፋ ታፈጥጣለች። ኮርሳ ፍሬኑን ነካ ባደረገ ቁጥር የጀልባዋ ጫፍ ትወርዳለች። ቦሎውን አለፈች። አሁን በቀጥታ ወደ ትንሿ ልጅ ትጠቁማለች።

«ጠፍሩን አጥቤዋለሁ» አለች ውዳሴ።

ኮርሳ በኋላ ማሳያው መስታወት አያት። 

«በምን?» አለ ኮርሳ ቀስ ብሎ።

«በፈላ ውሃ። በበረኪና። በብሩሽ ፈትጌዋለሁ።»

ኮርሳ አልተቆጣም። ያ ነው ያስፈራት። የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ ይመስል እግሩን ከፍሬኑ ላይ ቀስ አድርጎ አነሣ፤ ማርሹን ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ መለሰ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ከባጃጇ ጋር ያለው ርቀት መጀመሪያ ጠበበ፣ ከዚያ ሰፋ። መሪውን ወደ ቀኝ፣ ለግንባታ አሸዋ የተቆለለበት ጥግ አዞረ። የፊት ጎማው አሸዋው ላይ ወጥቶ ቆመ። ጀልባዋ ግን አልቆመችም። ከላይ እንደ አሳ ስትንሸራተት ሰሟት፤ አፍንጫዋ ኮፈኑን ደብ አድርጋ መታችው፤ እዚያው ተደግፋ ቀረች። ባጃጇ ቁልቁለቱን ጨርሳ ታጠፈች። ልጆቹ እስከ መጨረሻው ያውለበልቡ ነበር።

ከመኪናው ወረዱ። ጠፍሩ ከፖርቶመጋላው ላይ እንደ አንጀት ተንጠልጥሏል፤ ከጫፉ ያ ነጭ አዳላጭ ነገር ጠብ ጠብ ይላል። ኮርሳ ኮፈኑን አላየም፤ ጎድጉዷል። ጀልባዋ ሥር ገብቶ በጣቱ መገጣጠሚያ ከአፍንጫዋ እስከ ወገቧ እያንኳኳ፣ ጆሮውን እየደገነ ሄደ። ድም፣ ድም፣ ድም። ውዳሴ ያን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ታንከር ሲሰነጠቅ ሌላ ድምፅ ነው የሚሰጠው። እስከ መጨረሻው ድም አለ።

«ቀለሟ ነው የተላጠው» አለ፤ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሳለ። ሲስል ቆየ።

ሰው ተሰበሰበ። የሚረዳ የለም፤ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። አንዱ አፉን ሞልቶ ሳምቡሳ እያኘከ «ሬሳ ነው እንዴ?» አለ፤ ዘይቱ በአገጩ ይወርዳል። «ሟቹ ቁመታም ነበር» አለ ሌላው። ሳቁ። ውዳሴ የእያንዳንዳቸውን አፍ እያየች ተጸየፈቻቸው። ከዚያ ጠፍሩን አየችና እነሱን ለመጸየፍ ዛሬ መብት እንደሌላት ገባት።

የአባባ በንቲ ቤት ሩቅ አልነበረም። አያንቱ ደውላላቸው በሩብ ሰዓት ውስጥ፣ እበት የደረቀበት ቦቲያቸውን እንደተጫሙ፣ በዱላ እየተደገፉ መጡ። ሰውን በዱላቸው ገለጥ ገለጥ አድርገው ወደ መኪናዋ ቀረቡ። የተንጠለጠለውን ጠፍር ጫፍ ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ፊታቸው ተጨማደደ። አንገታቸውን አዙረው ምራቃቸውን ተፉ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚገማው?»

ኮርሳ መሬት መሬት ያያል። አያንቱ ሰማይ ታያለች።

«በረኪና ነው አባባ» አለች ውዳሴ። «እኔ ነኝ። ሸቶኝ አጠብኩት። ውሃ አይንካው ማለትዎን ሰምቼ ነበር።»

ሽማግሌው የጠፍሩን ጫፍ ወደ እሷ ዘረጉት። «ይሄን ነው ልብስ ላይ የምታደርጉት?»

«አዎ።»

«ትለብሱታላችሁም?»

«አዎ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ ማክሰኞ ሳፋውን ያየችበትን ዓይን ፊታቸው ላይ አየችው፤ በትክክል ያንኑ።  ኮታቸውን አውልቀው ለአያንቱ ሰጡና «ያ ኮርሳ፣ ተነስ፣ ተሸከም» አሉ።

ኮርሳና ከተመልካቹ መሐል ስልኩን ኪሱ የከተተ አንድ ባለ ባጃጅ ጀልባዋን ወደ ቦታዋ ገፉ፤ ከፊት ኮርሳ በትከሻው፣ ከኋላ ባለ ባጃጁ ያዙ። አያንቱ ጥጃዋን ደገፈች። አባባ በንቲ በሁለት እጃቸው ጠፍሩን እያዞሩ፣ በብረቱ ሥር እያሳለፉ ሄዱ። ከመታጠቡ የተነሣ ያዳልጣል፤ አንድ ዙር ሲያጠብቁ ሌላው ይላላል።

«ጫፉን ጎትቺ» አሏት።

በእጇ ያዘችው። እንደ ሳሙና ሾለከ። በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘችው። ከነነጠላው ሾለከ። ከጫፉ የቀረው አንድ ስንዝር አይሞላም።

«በጥርስ ነው» አሉ አባባ በንቲ፣ እጃቸውን ከዙሩ ሳያነሱ። «እኛ ጫፉን ሁልጊዜ በጥርስ ነው የምንይዘው። እኔ አሁን የሚይዝ የለኝም።» አፋቸውን ከፍተው አሳዩዋት። ከፊት ድዳቸው ብቻ ነው።

ውዳሴ ኮርሳን አየችው። ጀልባዋ ትከሻው ላይ ናት፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል፤ ሳሉን አፍኖ ይዞት ዓይኑ ዕንባ ሞልቷል። ልትለምነው የምትችለው ነገር የለም። ጎንበስ አለች። ዓይኗን ጨፍና ጠፍሩን ነከሰች።

መጀመሪያ በረኪናው ምላሷን አቃጠላት። ከዚያ ሥሩ ያለው መጣ፤ ስብ፣ ጨው፣ ያረጀ ሥጋ፣ ማክሰኞ የሳፋው ውሃ። ያልተላጠ ጠጉር በጥርሶቿ መሐል ገባ። በአፍንጫዋ ብቻ እየተነፈሰች ወደ ኋላ ጎተተች።

«ያዢ» አሉ ሽማግሌው። «ያዢ። አትልቀቂ። አንድ።»

አራት ቋጠሮ ነው። አራቱንም ያዘች። ሦስተኛው ላይ ዕንባዋ በአገጯ እየወረደ ነበር፤ ያ ሳምቡሳ የሚበላው ሰውዬ ሲቀርጻት አየችው፤ አልለቀቀችም። ሲያልቅ አሸዋው ጀርባ ሄዳ ያላትን ሁሉ አወጣች። አያንቱ ውሃ ይዛላት መጣች፤ ሳትስቅ ጀርባዋን አሸችላት።

ኮርሳ ለቢሾፍቱው ሰውዬ ደወለ። እንግዶቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚቆዩት አለው።

«ፀሐይ ካልመታው አይነሳም» አሉ አባባ በንቲ። «ሲደርቅ በጣት ብቻ አይታወቅም፤ ላዩ ይደርቅና ውስጡ ያታልላል። ሽታው ነው የሚናገረው። ያ የልብስ ነገር ለቅቆት የራሱ ሽታ ሲመለስ ያኔ ይይዛል።» ወደ ኮርሳ አዩ፤ ወደ ራሳቸው አፍንጫ ጠቆሙ፤ ሁለቱንም በእጃቸው ጣሉ። «እሱ አፍንጫ የለውም። የእኔንም ያ የልብስ ነገር አቃጥሎታል። አንቺ ታሸቻለሽ።»

ውዳሴ የልብስ ማስጫ ገመዷን ከቦርሳዋ አወጣች። ሽማግሌው አይተውት አፍንጫቸውን ነፉ፤ ግን አልከለከሏትም። ከጀልባዋ ጭራ ወደ መኪናዋ የኋላ መጎተቻ ቀለበት፣ ወደ ፊት እንዳትንሸራተት፣ ሁለት ጊዜ አሰረችው። ከዚያ አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥታ፣ በርጩማ ስለሌላት በመኪናው በር ጠርዝ ላይ ወጥታ፣ አፍንጫዋን ቋጠሮው ላይ አስጠግታ አሸተተች። በረኪና። ተመለሰች። በረኪና። ሰዉ ተበተነ። አባባ በንቲ በኮታቸው ተከናንበው አንቀላፉ። ኮርሳ አጠገቧ ተቀምጦ፣ እጁን በአሸዋ እየፈተገ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት አንዴ። «ብነግርህ ይሸታል የምልህን መቼ ሰማኸኝ» አለችው። አሸዋውን ከእጁ አራገፈ። «እውነትሽን ነው» አለ።

ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ወጥታ አሸተተች። ከበረኪናው ሥር የሆነ ነገር ነበር። ቀርባ እንደገና ሳበች። ዝንብ ከየት እንደመጣ ሳታየው ቋጠሮው ላይ አረፈ። ቄራው፣ ሳፋው፣ ውሻው የላሰው፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ጥፍሯን ጫነችበት፤ አልገባም።

«ገማ» አለች። «በጣም ገምቷል። እንሂድ።»

ባጃጅ በሚቀድማቸው ፍጥነት ሄዱ። አባባ በንቲ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ቦቲያቸው መኪናውን ሞልቶታል። ውዳሴ ከኋላ ዓይኗን ከቦሎው ላይ አላነሣችም። በእያንዳንዱ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ትወርዳለች ብላ ጠበቀች፤ የጀልባዋ አፍንጫ ከቦሎው በላይ እንደሆነች አንድ ጣት እንኳ አልወረደችም። በጥርሷ መሐል የቀረውን ጠጉር በምላሷ ስትገፋው እስከ ቢሾፍቱ አልወጣላትም።

ዘጠኝ ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀር ደረሱ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት በነጭ ሸሚዝ እየሮጠ ወጣ፤ ጀልባዋን አይቶ ፊቱ በራ፤ ወደ መኪናዋ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመና መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

ኮርሳ ውዳሴን አያት። አባባ በንቲ ቀበቷቸውን ያስተካክላሉ።

«ማሰሪያው ነው» አለች ውዳሴ። አፏ ውስጥ ጣዕሙ ገና አለ፤ ልትተፋ ፈልጋ እንደገና ዋጠችው። «ጀልባዋ ወርዳ እስክታልቅ ማንም ውሃ እንዳያስነካው።»